ጭንቀታቸውን ሥራ ያስያዙት አያ ይማም

የመስኖ ማኅበራችን የፓምፕ ኦፕሬተር የነበሩት አቶ ይማም አበጋዝ ባለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለወራት ካስተኛቸው ሕመም በኋላ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀናዛቸው ተሰግዶበት፣ ከቆቦ ከተማ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ባለችው ቀበሌያቸው ተቀብረዋል። ከጎብዬም ከዋጃም ሰው መጥቷል። ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር እየተቀባበለ ተሸክሟቸዋል።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። ሰናይት እባላለሁ። በዚያች ቀበሌ የመስኖ ባለሙያ ሆኜ ከእርሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ስለ እርጋታቸው ሲያወራ ሰማሁ። «እንደ አያ ይማም ያለ የማይደነግጥ ሰው የለም» ይባል ነበር።  ለቅሶ ላይ ሰውን ማረም አያምርም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አያ ይማም የማይደነግጡ ሰው አልነበሩም። ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ አብልጠው የሚጨነቁት እርሳቸው ነበሩ። ልዩነታቸው ጭንቀቱን ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አለመፍቀዳቸው ነው። ይህ እንዲታወቅላቸው እፈልጋለሁ።

እኔ የመጣሁት ከደጋ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። በአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ከመቶ የማያንሱ አባወራዎች በተራ ያጠጣሉ። በጋ ላይ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ይዞ ባለበት ጊዜ፣ ስልኬ ከማለዳ ጀምሮ አያርፍም። አንዱ ተራዬን ተቀማሁ ይላል። ሌላው ቦዩ ተሰብሮ ውሃው መንገድ ላይ ፈሰሰ ይላል። ከወረዳ ደግሞ ሪፖርቱ የት ደረሰ ይሉኛል። ሦስተኛው ወር ላይ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደልቅ ጀመር። ጨጓራዬ ነደደ፤ እህል አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቆቦ የሚመልሰኝ ባጃጅ እስኪመጣ ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ጥላው ላይ ተቀመጥኩ።

አያ ይማም በዚያ በኩል ሲያልፉ አዩኝ። በዚያን ጊዜ ስልሳ የተጠጉ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው ፒንሳ አይጠፋም።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ስልክሽ አራት ጊዜ ጮኸ። አላነሳሽውም።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። «አያ ይማም፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም። እጄን ይዩት፣ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ ምንም አይሰማዎትም፤ እኔ ግን አልቻልኩም» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ረጥቧል።

«ለሶላት ውዱእ አድርገው ነው?» አልኩ።

«ውዱእ አይደለም፤ ላብ ነው። ዛሬ ሞተሩን ካስነሳሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሞተር በነካሁ ቁጥር እንዲህ ነው። ምንም አይሰማውም ብሎ ማን ነገረሽ?»

አላመንኳቸውም። «ታዲያ እንዴት ይሠራሉ?»

«እጠይቀዋለሁ።»

«ማንን?»

«ጭንቀቱን ነዋ! ምን አድርግ ነው የምትለኝ እለዋለሁ። አንዳንዱ ጭንቀት እጀታ አለው። ብሎኑ ላልቷል ይለኛል፤ ሄጄ አጠብቀዋለሁ። አንዳንዱ እጀታ የለውም። አንበጣ ቢመጣስ፣ ዝናብ ቢቀርስ ይለኛል። እሱን ለአላህ እሰጠዋለሁ። አንችም ለእግዚአብሔር ስጭው። መጀመሪያ ግን መለየት ነው። ሳትለይ ሁሉን ከተሸከምሽው ወገብሽ ይቆረጣል።» ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አሉና «በይ፣ አሁን ምን ይልሻል?» አሉኝ።

አፍሬ ነበር፤ ግን ተናገርኩ። የተሰበረው ቦይ፣ ያልተላከው ሪፖርት፣ ገበሬዎቹ ይጠሉኛል የሚለው ሐሳብ።

«ጠሉሽም ወደዱሽም እሱ እጀታ የለውም። ሪፖርቱ ከሰዓት ይደርሳል። ቦዩ ግን አሁን እየፈሰሰ ነው። ተነሽ፣ አካፋ አለ።»

ባጃጁ መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ።

ቦዩን እየደፈንን ሳለ ያለፈ ታሪካቸውን አጫወቱኝ። ወጣት ሳሉ ጎብዬ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የወፍጮው ቀበቶ ዳሩ ተበልቶ አዩት። ልባቸው አልወደደውም። ነገር ግን ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል፤ ባለወፍጮውም ቶሎ በሉ ይላል። «ፈሪ ነህ፣ ምንም አይሆንም አልኩት ራሴን» አሉኝ። ረፋዱ ላይ ቀበቶው ተበጠሰ። አብሯቸው የሚሠራውን የጓደኛቸውን እጅ ከክርኑ በታች ወሰደው።

«ይቅር ብሎኛል» አሉ፣ አካፋቸውን ተደግፈው። «እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጭንቀቴን ዝም በል ብዬው አላውቅም። ያን ጠዋት ትክክለኛውን ነግሮኝ ነበር፤ የሰደብኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ካበቃ «ዛሬስ ምን ይልሻል?» ይሉኝ ነበር። እኔም እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም የራሳቸውን ይነግሩኛል። የእርሳቸው ሁልጊዜ ከእኔ ይበዛል። ቀስ በቀስ የጨጓራዬ ሕመም ተወኝ። እንዲያውም በሌላ በኩል አበዛሁት። ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ማየት፣ ምሳ መዝለል፣ እሑድን ሳይቀር ቦይ ለቦይ መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ተቆጡኝ።

«አንች ደግሞ አበዛሽው! ሞተር እንኳ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ የሄደ ሞተር መጨረሻው ምን እንደሆነ በትምህርት አልነገሩሽም?»

እርሳቸው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ስልካቸውን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሩቂያ ሰጥተው ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ይጋደማሉ። በዚያች ሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ቢመጣ እንኳ ወይዘሮ ሩቂያ አትቀሰቅሳቸውም። «ተኝቷል። ሲነሳ ይጨነቅልሃል» ትላለች።

ሌላም መላ ነበራቸው። ተቆጥቶ ለመጣ ሰው መልስ አይሰጡም፤ የሚይዘው ነገር ይሰጡታል። «ይችን ቁልፍ ያዝልኝ እስቲ»፣ «ይህን ገመድ ሳበው እስቲ»። ሰውየው ገመዱን እየሳበ ቁጣውን መጨረስ ይቸገራል። ይህ መላ ትንሽ ተንኮል ይመስለኝና እስቅ ነበር፣ አንድ የካቲት ከጉድ ሲያወጣን እስካየሁ ድረስ።

ያ የካቲት ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቲማቲሙ አበባ ላይ ነው፤ ውሃ ካጣ አበባው ይረግፋል። ማለዳ ፓምፕ ቤት ስደርስ አያ ይማም ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ቆመዋል። ሰላምታዬን አልመለሱም።

«ሰማሽው?»

«ምኑን?»

«ድምፁን። ወፍሯል።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ወሰዱኝ። በሦስቱ የመብራት መስመሮች የሚገባውን ኃይል የሚያሳዩ ሦስት መርፌዎች አሉት። ሁለቱ ቀጥ ብለዋል፤ ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«እንዝጋው» አሉ።

 የዚያን ቀን ተረኛ ሞገስ ነበር፣ በቀበሌው በቁጡነቱ የሚታወቅ ገበሬ። ዘጠኝ ቀን ተራውን ጠብቋል። ያለው መሬት በሙሉ ቲማቲም ነው። ደግሞም ጉድጓዱ ሲዘጋ መዝገቡ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አሉኝ። «ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ አንድ ቀን ነው የሚያልፈን። ካልተሳሳትኩና ካልዘጋነው ግን ሞተሩ ይቃጠላል። ሌላ ሞተር እስኪመጣ በጋው ያልፋል፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ማሳ ይደርቃል።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም ነበር። ማጥፊያውን ተጫኑት። ሜዳው ላይ ድንገት የወረደው ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ቦዩ ውስጥ ውሃው ዝቅ፣ ዝቅ አለና ጭቃው ታየ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች በማሳው መሐል እየሮጡ ሲመጡ አየሁ። ከፊት ሞገስ ነው። ዱላ ይዟል።

«ማን ነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ይማም።

«ዘጠኝ ቀን ጠብቄ! አበባው እየረገፈ! አንቱ እንዲህ ያደርጉኛል?» ሲቆጣ እንኳ አንቱታውን አልተወም፤ ዱላው ግን ከትከሻው በላይ ነበር። «ለማን ሊሰጡት ነው ውሃውን? ይንገሩኝ!»

ከኋላው ያሉት «ይከፈት! ይከፈት!» እያሉ በሩን ሞሉት። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ይችም ፈርማለች» አለ።  ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ጭንቀቴን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሩጪ አለኝ። እንደገና ጠየቅሁት። ያን ጊዜ የቆቦው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ትዝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሦስቱ መርፌዎች የነበሩበትን አንድ በአንድ ነገርኩት። «እንዳታስነሱት! ባጃጅ ይዤ መጣሁ» አለኝ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ሰምቷል፤ የነገርኩት ነገር ግን አልተዛባም።

አያ ይማም በዚህ መሐል ዋናውን መስመር አጥፍተው፣ የሳጥኑን መዝጊያ በካቻቪቴ እየፈቱ ነበር። ከግንባራቸው የሚወርደው ላብ አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ሞገስ፣ ባትሪ ያዝልኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ብቻዬን አልችልም።»

 ሞገስ ዱላውን አየ፤ ባትሪውን አየ። ሁለቱንም ይዞ ሳጥኑ ውስጥ ማብራት አይቻልም። ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈና ገባ።

መዝጊያው ሲነሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ባትሪውን የያዘው ሞገስ ስለሆነ መጀመሪያ ያየው እርሱ ነው።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የቱ? በደንብ አብራልኝ።»

«ይሄ ሽቦ። ቀልጦ የለም እንዴ! በሁለት ክር ነው የቀረው።»

ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች አንዱ ከመያዣው ሥር ከስሎ ሊበጠስ ደርሷል። ሞተሩ ሲታመም በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገው መከላከያም፣ ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ሰው በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ከሥራ ውጭ አድርጎት ኖሯል። ሽቦው ሲበጠስ ሞተሩን የሚያስቆመው ምንም ነገር አልነበረም።

ሞገስ ባትሪውን እንደያዘ ወደ ሰዉ ዞረ። «ኧረ ዝም በሉ!» አለ፣ ዝም ያላለው እርሱ ብቻ ሆኖ። «ዛሬ ማታ ሳይደርስ ሁላችንም ደርቀን ነበር።»

ባለሙያው መጣ፤ የሚተካው ዕቃ ወልድያ ተፈልጎ ተገኘ፤ ውሃው በማግሥቱ ከሰዓት ተመለሰ። ሁሉም ነገር ተረፈ አልልም። የሞገስ ማሳ የታችኛው ረድፍ አበባውን ጥሏል፤ እርሱም ለሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም።

ያን ቀን ሰዉ ከተበተነ በኋላ አያ ይማምን አጣኋቸው። ፈልጌ ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ያስመልሳሉ። ውሃ በጣሳ አመጣሁላቸው። ተጉመጥምጠው፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ቀና ብለው አዩኝና «አየሽው የማይደነግጠውን ሰውዬ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። 

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ደሴ ሄደው ታዩና ተመለሱ። ወይዘሮ ሩቂያ እንዳትሰማ ቤት እስክትገባ ጠብቀው ሕመሙ እንደማይድን ነገሩኝ፤ እርሷ ግን ከእርሳቸው በፊት አውቃ ነበር። 

«ሐኪሙ የነገረኝን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ። «አሁን የጨነቀኝ ሞተሩን ለማን እንደምሰጠው ነው።»

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። አያ ይማም ሞገስን አሉ። ጉባኤው አጉረመረመ። «ሰውን በዱላ ሊመታ የነበረ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ያን ቀን እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የተጨነቀ አልነበረም» ብለው መለሱ። «ቁጣው ከዚያ ነው የመጣው። ግድ የማይሰጠው ሰው ድምፅ ሲለወጥ አይሰማም። ጭንቀቱን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ነው፤ እኔ አሳየዋለሁ።»

ሞገስ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ጀምሮ፣ መቆም እስኪያቅታቸው ድረስ፣ በየማለዳው አብረው ነበሩ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን እንዲያዳምጥ ያደርጉት ነበር። ሲሳሳት «እንደገና» ይሉታል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱ ሆዱን በእጁ ደግፎ። አሁን ጉድጓዱን የሚጠብቀው ሞገስ ነው። ጠዋት ስመጣ ግንባሩ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ፤ ደስም ይለኛል።

አያ ይማም፣ እስካሁን ለሰው ስለ እርስዎ ተናገርኩ። አሁን ለእርስዎ አንድ ነገር ልናገር።

ያን ሐሙስ ቆቦ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ሲጮህ ስምዎን አየሁ። ለሰላምታ ነው፣ ስወጣ እደውልላቸዋለሁ ብዬ ድምፁን አጠፋሁት። ስወጣ ደወልኩ፤ አልተነሳም። ወደ እርስዎ ልመጣ ባጃጅ ፈለግሁ። ሁልጊዜ የሚያመላልሰኝ ጀማል «ዛሬ አልሄድም» አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው አይናገርም። ተቆጣሁ፤ ሰደብኩት ማለት ይቻላል። ሌላ ባጃጅ ስጠራ እየተከተለ ለሾፌሮቹ በጆሯቸው አንዳች ነገር ይላቸዋል፤ ሁሉም እምቢ አሉኝ። በዚያ እልህ ላይ እያለሁ ወይዘሮ ሩቂያ ደውላ ማረፍዎን ነገረችኝ።

በዚያው ሰዓት በቆቦና በቀበሌያችን መሐል ያለው ወንዝ መጥቶ ነበር። ከደጋው የወረደው ጎርፍ፣ ሁልጊዜ በደረቁ አሸዋ የምንሻገርበትን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድ እየጎተተ አለፈ። ጀማል እሺ ቢለኝ ኖሮ መሐሉ ላይ ነበርን።

ጀማል በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «አያ ይማም ደውለውልኝ ነበር» አለኝ። «ደጋው ጠቁሯል፤ ወንዙ ሳይመጣ አይቀርም። ሰናይት ስልክ አታነሳም፤ እንዳታሻግራት። እኔ ነኝ ያልኩህ ግን አትበላት፣ ትስቅብኛለች አሉኝ።» ድምፅዎ እየተቆራረጠ እንደነበረ ነገረኝ። ወይዘሮ ሩቂያም እርስዎ ስልኩን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ዞረው እንደተኙ፣ ከዚያ በኋላም እንዳልተናገሩ ነገረችኝ።

አልስቅብዎትም ነበር። ስልኩን ባለማንሳቴ ይቅር ይበሉኝ። አላህ በጀነቱ ያሳርፍዎ፤ የእኔም አምላክ ነፍስዎን ይቀበል። ዓርብ ጠዋት ውሃው ጎድሎ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በእርጥቡ አሸዋ ላይ በእግሬ ወደ ቤትዎ መጣሁ። ይረፉ አያ ይማም። ተሻግሬያለሁ።